አሥር ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ

ሂክማ ሰይድ በየጠዋቱ ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ የስግደት ነጠላዋን ሳታወርድ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ፊት ቆማ «አለሁ» ትላለች። ግድግዳው ድምፅዋን ለይቶ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ያበራል። ከዚያ ውሃ ትጥዳለች። አራት ዓመት ሙሉ፣ በጾሙም በዒዱም፣ ጉንፋን ጉሮሮዋን ዘግቶት በሹክሹክታ ባለችበት ሳምንት እንኳ፣ አንድ ቀን አላስታጎለችም። የሟች ሻጭ ወራሽ ሦስት ቀን በተከታታይ «አለሁ» ካላለ በሌለበት ይፈረድበታል። ሕጉ አጭር ስለሆነ በሆጤ ሰፈር ሕፃናት ሳይቀሩ በቃላቸው ይሉታል።

ባሏ ሙባረክ ድምፅ ይሸጥ ነበር። የሰው ድምፅ አይደለም፤ የቦታ። ክረምት ሲገባ ማይክራፎኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ጣራ ላይ ይወጣል። የደሴን ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣ የቦርከናን ውሃ በመስከረም፣ የሰኞ ገበያን ጫጫታ ከሩቅ ይቀዳል። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ይገዙና በመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ያሰሙታል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርቶ በ2061 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ሞተ። ለሂክማ የቀራት ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ማይክራፎንና አራት መቶ አሥራ ሁለት ገዢዎች ናቸው።

ገዢ ሐሳቡን ቀይሮ ገንዘቡን የሚያስመልስበት ጊዜ እሷ ልጅ ሳለች በወራት የሚቆጠር ነበር ይባላል። ኋላ ሁለት ዓመት ሆነ። ኋላ አሥር። አሁን የገዢው ዕድሜ ልክ ነው። ሻጩ ሞቶ ከሆነ ወራሹ ይመልሳል። ሰው ራሱ ግን አይሟገትም፤ እያንዳንዱ ቤት ግድግዳው ውስጥ የሚሠራ ወኪል ፕሮግራም አለው። ባለቤቱ ሲተኛ ወኪሉ የድሮ ግዢዎችን ይበረብራል፤ አንዳች ልዩነት ካገኘ ተመላሽ ይጠይቃል። ሰዎች ጠዋት ሲነሱ አንዳንዴ ገንዘብ ገብቶላቸው ያገኙታል፤ አንዳንዴም ወጥቶባቸው። ስለሁለቱም ብዙ አያወሩም።

ዳቦ ቤት በር ላይ ሴትዮዋ ዳቦውን ከመስጠቷ በፊት ከፍ አድርጋ ለካሜራው ታሳያለች። ገዢው ዳሰስ ያደርግና «እንደታዘዘው ነው፤ ተረክቤአለሁ» ይላል። ያን ካላለ ዳቦው ከእጇ አይወጣም። ሰኞ ገበያ ላይ የምስር ነጋዴዋ፣ ሚዛኑ ልክ መጥቶ አንዲት ፍሬ ብትተርፍ፣ በሁለት ጣቷ ለቅማ ወደ ጆንያው ትመልሳታለች። ድሮ ሰው «መርቂልኝ እንጂ!» ብሎ ይጨቃጨቅ ነበር፤ ነጋዴም አንድ እፍኝ ምራቂ ትጨምርለትና ይስቁ ነበር። ዛሬ የሚጠይቅም የሚጨምርም የለም። ከታዘዘው የተለየ ነገር መስጠት ለሰጪው አደገኛ ነው።

የሰፈሩ ፍሪላንሰሮች፣ በግላቸው ሠርተው የሚሸጡት፣ እድር አላቸው። አያቶቻቸው ለቀብር ያቋቋሙት ነው፤ አሁን አብዛኛው ሥራው ተመላሽ ሆኗል። ሰው ላይ ተመላሽ ሲወድቅ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ለሞት የሚባለው «ፈጣሪ ያጥናሽ» ለዚህም ይባላል። ሌላ ቃል የፈለገለት ሰው አልተገኘም።

በኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ነጥቧ ቢጫ ሆነች።

ሂክማ የተጻፈውን ቆማ አነበበች። ገዢው በሌላ አገር የሚኖር ሰው ነው፤ ስሙ አልተገለጸም። የገዛው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት። የሥራው ስም «ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣ አሥር ደቂቃ»። የተመላሹ ምክንያት «የተረከብኩት ካዘዝኩት ይለያል»። ነጠላዋን አጠፈችና ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ዮናታን ደወለች።

ጋሽ ዮናታን ሰባ ዓመት ሞልቶታል፤ በወጣትነቱ ለንግድ ቤቶች ማስታወቂያ ይሠራ ነበር። በእግሩ መጣ፤ ዳገቱን ወጥቶ ሲጨርስ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አረፍ ብሎ ተነፈሰ።

«ስንት ደቂቃ ነው የታዘዘው?»

«አሥር።»

«የተላከውስ?»

«አሥር ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።»

ጋሽ ዮናታን ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ምራቂ!» አለ። «ወይ ሙባረክ! ወይ የምስር ነጋዴ ልጅ! በመጨረሻ እናትህ ገደለችህ።»

«ጋሼ፣ ከሞተ ቆየ እኮ።»

«አውቃለሁ የኔ እናት። ሁለተኛውን ሞት ነው የምልሽ።»

የሙባረክ እናት ሰኞ ገበያ ላይ ምስር ስትሸጥ ኖራለች። ሰፍራ ስታበቃ ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ትጨምር ነበር፤ «በልክ የሚሰፍር ገዢ ያገኛል እንጂ ደንበኛ አያገኝም» ትል ነበር። ልጇ ከምስሩ ሥር ተቀምጦ ያደገ ነው። አሥር ደቂቃ ዝናብ ሲታዘዝ አሥር ደቂቃውን ይሰጥና፣ ከዚያ ዝናቡ የሚያባራበትን አርባ ሰከንድ ይጨምራል፤ ከአሸንዳው ወደ በርሜሉ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚለውን። ለወንዙም፣ ለገበያውም፣ ለሁሉም እንዲያ ነው ያደረገው። የሚልከው ሥራ ያለዚያ ራቁቱን የሚወጣ ይመስለው ነበር።

«አንድ ተመላሽ ከሆነ እድሩ ይሸፍነዋል» አለ ጋሽ ዮናታን። «ሁለትም ቢሆን እንሞክራለን። የፈራሁት ሌላ ነው። መሸጫ ገጹ ላይ ምን ብሎ ነበር የጻፈው?»

ሂክማ መልሱን ታውቃለች። ራሷ ናት የተየበችው፤ የሱ ጽሑፍ ግድፈት ይበዛበት ስለነበር። «ምራቂ አይቀርም» ይላል፣ ከስሙ ሥር፣ በትልቁ።

«የሰውዬው ወኪል ተርጉሞታል» አለ ጋሽ ዮናታን ስልኩን ከዓይኑ እያራቀ። «"ሻጩ ሁልጊዜ ያልታዘዘ ነገር ይልካል" ነው ያለው። ሁልጊዜ! በገዛ አፉ አመነ ማለት ነው። ይሄ ከጸና አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ይከፈታል።»

«ሲከፈትስ?»

ዳኛው ቤቱን ቀና ብሎ አየ። ጣራውን፣ አሸንዳውን፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን መስኮት። ሻጭ ሆኖ ለመመዝገብ ቤት ማስያዝ ግዴታ ነበር፤ ሙባረክም ያስያዘው ይኼን ነው።

«አብሽሪ» አለ ሲነሳ። «ሐሙስ ቀርበሽ አስረጂ። ሰው ፊት ነው የሚያቀርቡሽ፤ ሰው ደግሞ ሰው ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ፒያሳ ወደሚገኘው የክፍያ ዳኝነት አዳራሽ ወረደች። ግንቡ ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ተኩል ይላል። ሰዎች ቁጥር ይዘው በረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ከጎኗ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ኮቱ በሚገባ የተተኮሰ ሰው ተቀምጦ ለሁሉም ታሪኩን ይናገራል። ስሙ ሱራፌል ነው፤ የሠርግ ዘፈን ደራሲ።

«ከስምንት ዓመት በፊት ለአንድ ሙሽራ ዘፈን ሠራሁ። ስሟን ከስሙ አጋጥሜ፣ የአባቷን አገር፣ የእናቱን ወገን፣ ሁሉንም። ሰው ዘለለበት። ባለፈው ወር ተፋቱ። አሁን ወኪሉ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ዘፈኑ ለዘላለም ይላል፤ ዘላለም አልሆነም"!»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። ሳቃቸው አጭር ነበር።

«ታዲያ ዘፈኑ ምን አጠፋ?» አለች አንዲት ሴት።

«እኔም እሱን ነው የምለው! ሙሽራው ነው እንጂ!»

የሂክማ ቁጥር ተጠራ። ያስተናገደቻት ወጣት ጸሐፊ ስሟ ረድኤት ነበር፤ ዓይኖቿ ሥር ጠቁረዋል፤ ጠረጴዛዋ ላይ ግማሽ ብርቱካን ደርቆ ተቀምጧል።

«ሥራውን በሙሉ መስማት ግዴታዬ ነው» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለእያንዳንዱ እንዲሁ ነው።»

ዝናቡ ክፍሉን ሞላው። ሂክማ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሙባረክ ሲቀዳ ትንፋሹን ይይዝ ነበር፤ ማይክራፎኑ የሰው ነገር እንዳይሰማበት። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ዝናቡ በትንሹ የሚቀርብበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ትንፋሹን ሊያወጣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል። ሌላ ሰው የማይለየው ነገር ነው። ሂክማ ደቂቃው ሲደርስ ቁልቁል ወለሉን አየች፤ ሲያልፍ ቀና አለች።

ከዚያ ዝናቡ አባራ፤ ጠብታው አርባ ሰከንድ ቆጠረ፤ ዝም አለ።

«ጥሩ ነው» አለች ረድኤት ሳታስበው። ወዲያው ወደ ንክኪ ሰሌዳዋ ተመለሰች። «ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አለብኝ። ማታለል፣ ስህተት፣ ወይም ጉድለት።»

«ጭማሪ የሚል የለም?»

«ጭማሪ ጉድለት ሥር ነው የሚገባው።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ከትእዛዙ ጋር የሚመሳሰለው መጠን ስለጎደለ ይላል መመሪያው።» አንገቷን ሰበር አደረገች። «እኔ አይደለሁም የጻፍሁት፣ እትዬ።»

«ሰውዬው ስንት ጊዜ ሰምቶታል?»

ረድኤት አየችና «ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አራት ጊዜ» አለች።

«እንግዲያ አሥር ዓመት ተኝቶበታል።»

«መጠቀም የመመለስ መብትን አያስቀርም።»

«ይህን ጉዳይ እሱ ራሱ ያውቀዋል?»

«ወኪሉ ያሳውቀዋል። አብዛኞቹ አያነቡትም።» ረድኤት በሩን አየች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ በዚህ አያሸንፉም። ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ጨርሶታል። ግን አንድ መንገድ አለ። እርስዎ ንቁ ገዢ ነዎት?»

ንቁ ገዢ ማለት ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ተመላሽ ያጸደቀ ሰው ነው። ሕጉ ንቁ ገዢዎችን ያከብራል፤ ገበያውን የሚያጠሩት እነሱ ናቸው ይላል። ንቁ ገዢ ሲፈረድበት የሚመልሰው የተከሰሰበትን አንዱን ሥራ ብቻ ነው። የቀሩት አይከፈቱም።

«እኔ ማንንም አስመልሼ አላውቅም» አለች ሂክማ።

«አይቻለሁ። ወኪልዎ ያቀረበውን አንድም አልነኩም። ግን ዛሬ ቢያጸድቁ ይቆጠራል። አንድ ብቻ ይበቃል።» ሰሌዳውን ወደ እሷ አዞረችው። «እርስዎ የሚገዙት ዳቦና መድኃኒት ነው፤ እሱ አይመለስም። የሚመለስ የተገኘው ይሄ ነው።»

ከሁሉ በፊት የፌቨንን ስም አየች።

ፌቨን ጎረቤቷ ናት፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ለሟቾች የመታሰቢያ ገጽ ትሠራለች። ሙባረክ ሲሞት ሂክማ አሥራ አንድ ፎቶ መርጣ ሰጠቻት፤ ፌቨን ሠርታ ስታስረክብ አሥራ ሁለት ሆኖ ተገኘ። አሥራ ሁለተኛውን ከእድሩ ስብሰባ ላይ ራሷ ያነሳችው ነው። ሙባረክ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤ አፉ በትንሹ ተከፍቷል፤ አንድ እጁ ደረቱ ላይ ነው። ሂክማ ያኔ ሳትጠየቅ በመጨመሩ ትንሽ ተቀይማ ነበር። በኋላ ስለዚያ ፎቶ ለማንም አንድ ቃል አልተናገረችም።

«አሥራ አንድ ታዞ አሥራ ሁለት» አለች ረድኤት። «ከእርስዎ ክስ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በአንድ ጣት የሚያልቅ ነገር ነው።»

«ይህን ብነካ ፌቨን ምን ትሆናለች?»

«ንቁ ገዢ ከሆነች የዚህን ዋጋ ብቻ ትመልሳለች። ካልሆነች...» ረድኤት ብርቱካኑን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋ አደረገችው። «ካልሆነች ሌሎችም ጭማሪ እንዳላቸው ይመረመራል። እንደ እርስዎ።»

«ንቁ ናት ወይ?»

«የሌላ ሰው መዝገብ ማየት አይፈቀድልኝም። ይህ የተመላሽ ገጽ ከተከፈተ ጀምሮ እርስዎም እሷን ማነጋገር አይችሉም፤ ጉዳዩን ያበላሻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስቡበት።»

ሂክማ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ለማሰብ ብዙ አልነበራትም። ፌቨን በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስታ «ተመላሽ የሚጠይቅ ሰው የራሱን ትፋት ይልሳል!» ስትል ሁለት ጊዜ ሰምታታለች። በመጀመሪያው ጊዜ ጋሽ ዮናታን «አረፍ በይ እቴ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል» ብሏት ነበር። ፌቨን ንቁ ገዢ አይደለችም። ፌቨን ላይ ይህ ከተነካ የሚከፈተው የሃያ ዓመት ሙታን ገጽ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ያልታዘዘ ፎቶ ይገኝበታል። ሂክማ ይህን ታውቃለች፤ ምክንያቱም ፌቨን ሌላ ዓይነት ሥራ መሥራት አትችልም።

ግን ቤቱም ቤት ነው። ሁለቱ ክፍሎች የተሠሩት አንዱ ከሌላው አምስት ዓመት ዘግይቶ ነው፤ ለሁለተኛው ክፍል ድንጋዩን የከመረችው ራሷ ናት። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ኪራይ ቤት ተቀምጣ አታውቅም። የቤቱን ነገር ስታስብ ጣቷ ትንሽ እንደ መንቀሳቀስ አለ፤ አየችው፤ በሌላው እጇ ያዘችው።

ሱራፌል ከውስጥ ወጣ። ኮቱን ከፍቶታል። ከኪሱ የገብስ ቆሎ አውጥቶ እፍኝ ሙሉ ዘረጋላት።

«ጨረስህ?» አለችው።

«ጨረስሁ። ንቁ ገዢ ሆንሁ» አለና ቆሎውን ቆረጠመ። «የእህቴ ልጅ ሥዕል ትሠራለች። አምና ለልጄ ልደት አንድ ሠርታልን ነበር። እሱን ተጫንሁት።»

«አወቀች?»

«እንደጨረስሁ እዚያው ደወልሁላት። አላለቀሰችም። "አጎቴ አታስብ፣ እኔም ባለፈው ሳምንት የአስተማሪዬን ተጭኛለሁ" አለችኝ።» እጁን አራገፈ። «አስተማሪዋም የሌላ ሰው ተጭኖ ይሆናላ። እንዲህ እየተያያዘ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ያለው ማነው? እሱን ነው የማስበው። መጨረሻ ላይ ያለውና የሚጫነው ያጣ።»

ሂክማ ቆሎውን በመሀረቧ ጠቀለለችው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ወደ ረድኤት ተመለሰች፤ ሳትቀመጥም በሰሌዳው ላይ፣ ከፌቨን ስም ሥር፣ «አልቀበልም» የሚለውን ነካች።

«እርግጠኛ ነዎት? አንዴ ከነኩት አይመለስም» አለች ረድኤት። ያለችውን ሰምታ ያፈረች ይመስል ፊቷን አዞረች። በዚያ አዳራሽ የማይመለስ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ደክሞኛል» አለች ሂክማ። «ዝጊው።»

ቅዳሜ ፍርዱ መጣ። እሑድ ጠዋት ጥሩምባ ነፊው በሆጤ ላይና ታች ዞሮ «የሙባረክ ቤት ተመላሽ ገብቷል፤ ያልሰማህ ስማ!» አለ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ወንዶቹ አግዳሚዎቹን ሲያወርዱ በቀስታ ያወርዷቸዋል፤ በሞትም እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ጋሽ ዮናታን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል እንዳገኘላት፣ እድሩ የስድስት ወሩን ኪራይ እንደሚችል፣ ቤቱን ለማስረከብ ስልሳ ቀን እንዳላት በየተራ ነገራት።

«ጣራው ያፈሳል ይላሉ እንጂ ክፍሉ ጥሩ ነው።»

«ካፈሰሰ ይደፈናል።»

«ምነው ግን እኔን አላማከርሽኝም ሂክማ? ረድኤት የምትባለው ልጅ መንገድ አሳይቻት ነበር አለችኝ። ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ ግን ልትነግረኝ አትችልም።»

«የሚሆን መንገድ አልነበረም ጋሼ።»

አየት አደረጋትና ተወው። በሞት ቤት ሰው አይመረመርም።

የፍርድ ወረቀቱ እንደሚለው ተመላሾቹ በሥርዓት ገቡ። ስልኳ ላይ ስሞች እየተከታተሉ ይወርዳሉ፤ ባሕር ማዶ ያሉት በቁጥር፣ አገር ውስጥ ያሉት በሙሉ ስማቸው። ወኪሎች ድካም የለባቸውም። የሙባረክ ሥራ ተመላሽ ይቻላል ተብሎ በተከፈተ በመጀመሪያው ሌሊት ሁለት መቶ ዘጠኙ አጽድቀዋል። ሂክማ ታየዋለች እንጂ አታነበውም ነበር።

ፌቨን ትልቅ ጀበና የሚያህል ቴርሞስ ይዛ፣ ሰው እየገፋች መጣች። ስልሳ ዓመቷ ነው፤ ወፍራም ናት፤ ስታለቅስና ስትቆጣ ፊቷ ልዩነት የለውም።

«ሂክሚዬ፣ የኔ ሆድ፣ ጠጪ እስቲ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም አሉኝ።» ሻዩን ቀዳችላትና ከጎኗ ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈች። «እኔስ ያልገባኝ ሆዳቸው ነው! ሰው የሞተ ሰው ሥራ ይመልሳል? አፈር የገባን ሰው? እግዜር አያሳየኝ! አንዱን ባገኘው ኖሮ...»

«ሳያውቁ ነው ፌቨን።»

«ሳያውቁ! አንቺ ደግሞ ለሁሉ ታዝኛለሽ። የራሱን እጅ የማያውቅ ሰው አለ?» ሌላ ብርጭቆ ቀዳች። «ስኳሩ በዛ? አብዝቼብሽ ይሆናል። ዛሬ ፈጣሪ ሲያስብ፣ ባዶ እጄን እንዴት እመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ አመሸሁ፤ ጠዋት ሳየው ትንሽ ገንዘብ ገብታልኛለች። ወዲያው ሮጬ ሁለት ኪሎ ስኳርና ሻይ ቅጠል። የድንኳኑን ሙሉ ቻልሁት!»

ሂክማ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች። ስልኳን አነሳችና የአገር ውስጦቹን ስሞች ከላይ ጀምራ ወረደች። ብዙ አልፈለገችም። «ፌቨን ሚናስ፣ ደሴ። የጦሳ ወፎች በንጋት፣ አምስት ደቂቃ። ጸድቋል።» ሰዓቱ ሌሊት ዘጠኝ ከሃያ ይላል። ፌቨን በዚያ ሰዓት አጥሩን አልፎ በሚሰማ ኩርፊያ ተኝታ እንደነበር ሂክማ ትመሰክራለች፤ እሷ አልተኛችም ነበር።

«ገንዘቧ ከየት መጣች?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ምኑን አውቄ! ልጄ ማክዳ ለሥራ ርቃ ስትሄድ "እማዬ አንቺ ወኪሉን አትነካኪው፣ ራሱ ይጨርስ" ብላ አስተካክላልኝ ነው የሄደችው። ይኸው ሦስት ዓመት፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ጠብ ትላለች። የጡረታዬ ትመስለኛለች።»

ሦስት ዓመት። ሂክማ ይህን በልቧ አንድ ጊዜ ደገመችው። ፌቨን ከሦስት ዓመት ጀምሮ ንቁ ገዢ ናት። ሂክማ ሐሙስ ዕለት ጣቷን ብታሳርፍ ኖሮ ፌቨን የምታጣው የአንድ መታሰቢያ ገጽ ዋጋ ነበር፤ የሁለት ወር ስኳር ቢሆን ነው። ቤቱም አይወሰድም ነበር። ከድንኳኑ መግቢያ በኩል ሰማያዊው መስኮት ይታያል፤ ሁለት ልጆች ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ወደ ውስጥ ያያሉ።

ፌቨን የሻዩን ብርጭቆ አንስታ እጇ ላይ መለሰችላት። ከዚያ በአንድ እጇ ስልኩን ለማየት አዘነበለች፤ መነጽሯን ስላልያዘች ዓይኗን አጠበበች።

«ማነው እሱ? እንዲህ ያስተከዘሽ? ስሙን ንገሪኝና እኔ ልርገመው!»

ሂክማ ስልኩን በፊቱ ምንጣፉ ላይ ደፋችው።

«የማላውቀው ሰው ነው» አለች፤ ሻዩንም ሳይቀዘቅዝ ጠጣችው።